ቲቸር፣ ዐድዋ ስንት ጊዜ ነው የተዋጋነው?

አዳማ ላይ ስብሰባ ያልተደረገለት ጉዳይ የለም። ስለ ወባ፣ ስለ ስንዴ፣ ስለ ስብሰባ መብዛት ሳይቀር ተሰብስበንበታል። «ታሪክንና ኅብረተሰብን በፈጠራ ማስተማር» የሚል ሥልጠና ቢጠራም መድረሻው ያው እዚሁ ነው። መምህራን ከየወረዳው ተጭነው ይመጣሉ። ፕሮጀክተሩ እንዲታይ የአዳራሹ መጋረጃ ይዘጋል። ሠልጣኙ «ተማሪ ዝም ብሎ አይስማ፣ ይሳተፍ» የሚለውን ትምህርት ከጠዋት እስከ ማታ ዝም ብሎ ይሰማል። ከመጋረጃው ማዶ የባቡር ሐዲድ አለ፣ የስኳር አገዳ አለ፣ በጦር ካሣ የተሠራ ግድብ አለ። ማንም መጋረጃውን አይገልጥም። አበል ይፈረማል፣ ሶደሬ ይዋኛል፣ ወደየቤት ይኬዳል። በማግስቱ ክፍል ይገባና፦ «ኖት ያዙ!»

ለምን ተብሎ ሲጠየቅ ምክንያት አይጠፋም። እኛም መልስ አናጣም።

«ታሪክ ደረቅ ትምህርት ነው።»

ደረቁ ጠመኔው ነው፤ ታሪክን አታሳብብ። ታሪክ ውስጥ ክህደት አለ፣ ስደት አለ፣ የወንድማማች ጠብ አለ፣ ዙፋን ፍለጋ አለ። ቱርኮች ይህንኑ ቀምመው በቃና ቴሌቪዥን ሲልኩልን ቤተሰቡ ራት እስኪረሳ ያያል። እኛ ጋ ሲደርስ «የጦርነቱ መንስኤዎች፦ ሀ. ፖለቲካዊ፣ ለ. ኢኮኖሚያዊ፣ ሐ. ማኅበራዊ» ይሆናል። ተማሪ ደግሞ ብልጥ ነው። ይህችን ሦስት መስመር አንዴ ሸምድዶ ለሁሉም ጦርነት ይጽፋታል። ሙሉ ማርክም ያገኛል! ከማይጨው እስከ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት በአንዲት አጤሬራ ተሻገረ ማለት ነው።

«ተማሪው ዓመተ ምሕረት አይዝም።»

የትኛውን ዓመተ ምሕረት? ቤቱ ግድግዳ ላይ የተሰቀለው ካሌንደር በኛ ነው፤ መጽሐፉ በፈረንጅ። አያቱ ዐድዋን 1888 ትለዋለች፤ ቲቸር 1896 ብሎ ያጽፈዋል። ልጁ እጁን አውጥቶ «ቲቸር፣ ዐድዋ ስንት ጊዜ ነው የተዋጋነው?» ሲል ክፍሉ ይስቃል፣ ቲቸር ይቆጣል። ወዳጄ፣ ዓመቱን ሙሉ ከቀረቡልህ ጥያቄዎች ምርጡን እኮ ነው ያባረርከው! ዘመንን ማን ይቆጥራል? ከየት ጀምሮ? ውጊያው የካቲት 23 ላይ ስለዋለ ልዩነቱ ስምንት ዓመት ሆነ፤ ኅዳር ላይ ቢውል ለምን ሰባት ይሆን ነበር? አንድ ክፍለ ጊዜ አይበቃውም። አሁን ግን ያ ልጅ ፈተና ላይ 1888 ብሎ ይጽፍና ይሳሳታል። ድሉን ባገኘው አገር አቆጣጠር ልክ ሆኖ ይሳሳታል!

«መርጃ መሣሪያ የለንም።»

እስቲ ተማሪዎቹን ፈገግ በሉ በላቸው።

ታየህ? የጂኦግራፊ መርጃ መሣሪያ ይሉሃል ያ ነው። ከወንጂ እስከ ባቱ ብዙ ሰው ጥርሱ ላይ ቡናማ ማኅተም አለው። ስምጥ ሸለቆ የእሳተ ገሞራ ሠፈር ነው፤ ከድንጋዩ ሥር የሚወጣው ውኃ ፍሎራይድ ይበዛበታል። የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውኃ ያስቀመጠው ጣሪያ በሊትር 1.5 ሚሊ ግራም ነው፤ በዚህ ሸለቆ ያንን ጣሪያ በብዙ እጥፍ የሚያልፉ ጉድጓዶች አሉ። ሕፃን ጥርሱ በሚሠራበት ዕድሜ ያንን ከጠጣ ቀለሙ አብሮት ያድጋል። የአዲስ አበባ ልጅ በዚህ ሊተርብ ሲመጣ የናዝሬት ልጅ መልሱ አጭር ነው፦ «ያንተ ጥርስ ኮልጌት ነው የሚናገረው፤ የኔ ጂኦሎጂ!»

ተረቡን እዚያው አቁምና ጥያቄውን ቀጥል። የቧንቧ ውኃ መጀመሪያ የገባው የትኛው ሠፈር ነው? የትኛውስ በጉድጓድ ቆየ? ለምን? ኅብረተሰብ የሚባለው ትምህርት እኮ ይኸው ነው፤ ሰው ሁሉ አንድ ሸለቆ ውስጥ እየኖረ አንድ ውኃ አለመጠጣቱ።

ፈገግታው ካላማረህ አምፖሉን አብራ። ጣሊያን ወረረን፤ በ1939 ዓ.ም. ፓሪስ ላይ በተፈረመው የሰላም ውል ለኢትዮጵያ 25 ሚሊዮን ዶላር ካሣ እንድትከፍል ተጻፈ። ከካሣው የቆቃ ግድብ ተሠራ፤ በ1952 ዓ.ም. ተመረቀ፤ 43 ሜጋ ዋት ያህል ያመነጫል። ክፍሉን ሦስት ቦታ ክፈለው። አንደኛው ቡድን የጣሊያን ጠበቃ ይሁን፣ ሁለተኛው በጦርነቱ ልጁን ያጣ አባት፣ ሦስተኛው ማሳው በሐይቁ የተዋጠበት ገበሬ። «ካሣው በቃ ወይስ አልበቃም?» በላቸው። ጠበቃው ሲናገር መብራት ከጠፋ ደግሞ ተጨማሪ ማስረጃ አድርገው ይያዙት።

«የሀገር ውስጡንስ እሺ፤ የዓለም ታሪክ ግን ሩቅ ነው።»

ሻሸመኔ ምን ያህል ይርቃል? በወረራው ዘመን ከኛ ጎን ለቆሙ የዓለም ጥቁር ሕዝቦች ምስጋና ይሁን ተብሎ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በ1940 ዓ.ም. 5 ጋሻ መሬት እዚያ ሰጡ። ጃማይካዊው ውቅያኖስ ተሻግሮ መጣ፤ አንተ ከአርሲ ነገሌ ተማሪህን ይዘህ መሄድ አቃተህ። እሱ ያለ ፕሮጀክተር ነው የመጣው።

«ሙዚየም የለም፤ ለጉብኝት በጀት የለም።»

በጀትማ አለ፤ ላንጋኖ ሄዶ በትልቅ ስፒከር ለመጨፈር ሲዋጣ አይተናል። ደብዳቤው ላይ «የታሪክ ጉብኝት» ይላል፤ የሚጎበኘው ግን ጥብሱ ነው።

ባቱ ያለህ መምህር ሆይ፣ አንተማ ይህንን ምክንያት አትናገር። ከዝዋይ ሐይቅ በስተ ምዕራብ ጋደሞታ የሚባል ኮረብታ አለ። ከ270 ሺህ ዓመት በፊት ሰው እዚያ ተቀምጦ ባልጩት እየፈለጠ፣ ጫፉን እያሾለ መሣሪያ ይሠራ ነበር። የዓለም አርኪዮሎጂስት ቪዛ አስመትቶ ይመጣበታል፤ የባቱ ተማሪ ሉሲን ለማየት አዲስ አበባ ይሄዳል፤ በደጃፉ ያለውን አያውቅም። ሐይቁ ላይ ደግሞ የዛይ ሕዝብ የሚኖርባቸው ደሴቶች አሉ። በቱሉ ጉዶ ያሉ አባቶች ታቦተ ጽዮን በዮዲት ዘመን ከአክሱም ሸሽታ እዚህ ቆይታለች የሚል ትውፊት አላቸው። «ትውፊትና ማስረጃ በምን ይለያሉ?» የሚለውን ምዕራፍ ለማስተማር ከዚህ የተሻለ ቦታ ካለ ንገረኝ። ዋጋው የጀልባ ሒሳብ ነው።

«ክፍሉ ሰማንያ ተማሪ አለው፤ ምን ዓይነት ፈጠራ ነው?»

ሰማንያ ተማሪ ማለት ሦስት መቶ ሃያ አያት ነው። ያረፉትን ነፍስ ይማር ብለህ ብትቀንስ እንኳ የቀሩት አንድ ቤተ መጻሕፍት ይሞላሉ።

ወንጂን እንውሰድ። ሻይ ስኒ ውስጥ የምትወርደው ስኳር በዚህ አገር በፋብሪካ መመረት የጀመረችው በ1946 ዓ.ም. እዚያ ነው። ኤች ቪ ኤ የሚባለው የደች ኩባንያ ከኢንዶኔዥያ ልምዱን ሰብስቦ መጣና አዋሽ ዳር አገዳ ተከለ። አሁን ለተማሪዎችህ አንድ ጥያቄ ስጣቸው፦ «ስኳሩ ለማን ጣፈጠ?» አንዱ ቡድን የኩባንያውን ወገን ይያዝ፦ በረሃ አለማን፣ ሆስፒታልና ትምህርት ቤት ሠራን። ሁለተኛው ከከምባታና ከሐዲያ በእግሩ መጥቶ አገዳ የቆረጠውን ሠራተኛ ይፈልግ፤ ልጆቹና የልጅ ልጆቹ እዚያው ክፍል ውስጥ ተቀምጠው ሊሆን ይችላል። ሦስተኛው ከብቱን እዚያ ያሰማራ የነበረውን፣ እርሻው ሲመጣ የተነሣውን የጅሌ ኦሮሞ ይጠይቅ። ሦስቱም እውነት ይዘው ይመጣሉ። ሦስቱም ሰሌዳው ላይ ጎን ለጎን ይጻፉ። አንተ ተቀመጥና ሻይህን ጠጣ።

ይህ የኔ ፈጠራ አይደለም። ስቬን ሊንድቅቪስት የሚባል ስዊድናዊ ጸሐፊ በ1978 እ.ኤ.አ. «የቆምክበትን ቆፍር» የሚል መጽሐፍ አውጥቶ የፋብሪካ ሠራተኛ የራሱን ፋብሪካ ታሪክ ራሱ ያጥና ብሎ ነበር። አዳማ ምክሩን በአንድ በኩል ፈጽማለች፤ በኮሪደር ልማት ያልተቆፈረ መንገድ ፈልግ። የቀረው ጉድጓዱ ሳይዘጋ እዚያ ምን እንደነበረ አባባን መጠየቅ ነው።

«የቡድን ሥራማ እንሰጣለን፤ አንድ ለአምስት አደራጅተናል።»

እናውቃለን። አንዷ ትሠራለች፣ አምስቱ ስማቸውን ይጽፋሉ። ስማቸውንም እሷው የጻፈችላቸው አሉ።

«ቴክኖሎጂ አስገብተናል።»

ፕላዝማን ረሳኸው? በ1997 ዓ.ም. ግድም በየክፍሉ ትልቅ ቴሌቪዥን ተሰቀለ፤ ከደቡብ አፍሪካ የተቀረጸ መምህር በጥድፊያ እንግሊዝኛ ሲቪክስ አስተማረን። ጥያቄ ይጠይቃል፣ ለመልስ ጥቂት ሰከንድ ይሰጣል፣ ክፍሉ ጸጥ ይላል። እሱ ግን ደስ ብሎት «ቬሪ ጉድ!» ብሎ ያልፋል። ስለ ዴሞክራሲ ተማርን፤ ዝም ብንልም እንደተስማማን ተቆጠረ። ትምህርቱ ገብቶናል ባይ ነኝ።

«ጭውውትና ድራማ የጨዋታ ነገር ነው።»

ገዳን በኖት አስተምረህ ታውቃለህ? «ገዳ ማለት…» ብለህ ታጽፋለህ፤ ልጁ ትርጉሙን ይዞ ይወጣል፣ ሥርዓቱን ሳይዝ። ዩኔስኮ በ2009 ዓ.ም. በማይዳሰስ ቅርስነት የመዘገበው ኖቱን አይደለም። እስቲ የክፍል አለቃ ምርጫን በገዳ አስኪደው። ክፍሉን አምስት ቦታ ክፈል፣ ሥልጣን በተራ ይዙር፣ የሥልጣን ዘመኑ ያለቀ ያስረክብ። እዚያ ስምንት ዓመት ነው፤ እዚህ ስምንት ሳምንት ይበቃል። ከባዱ ሥራ ከሰባተኛ ክፍል ጀምሮ ሥልጣን ያልለቀቀውን አለቃችሁን ማውረድ ነው። እሱ ደግሞ የሚረብሹትን ስም ዝርዝር የያዘ ነው፤ ተቃዋሚዎቹን በሙሉ ያውቃቸዋል።

«ስለ ስምጥ ሸለቆ ተግባራዊ ትምህርት መስጠት አይቻልም።»

በ2017 ዓ.ም. ፈንታሌ አካባቢ መሬቱ ራሱ ሰጠላችሁ፤ አዋሽና መተሐራ ሰው ከቤቱ ወጥቶ አደረ፣ አዳማና አዲስ አበባ ወንበር ተነቃነቀ። «ስምጥ ሸለቆ በዓመት በጥቂት ሚሊ ሜትር ይሰፋል፤ እውነት ወይስ ሐሰት?» የሚለውን የሚሞላ ልጅ ከዚያ በኋላ «ሐሰት» ካለ ጥፋቱ የመሬቱ አይደለም።

«አከራካሪ ታሪክ አናነሣም፤ ክፍሉ ይታመሳል።»

እዚህ ጋ ቀልዱን ትንሽ እንግታ፤ ዋናው ምክንያት ይሄ ነውና። ሌላው ሁሉ ሽፋኑ ነው። መምህሩ በጀት አጥቶ ሳይሆን ፈርቶ ነው «ኖት ያዙ» የሚለው። አይፈረድበትም። ለዩኒቨርሲቲ አንደኛ ዓመት የኢትዮጵያና የአፍሪካ ቀንድ ታሪክ የጋራ ትምህርት ይሰጥ በተባለ ጊዜ ሰነዱ ስንት ጭቅጭቅ እንዳስነሣ አይተናል። አርሲ ላይ በ2006 ዓ.ም. የቆመውን የአኖሌ ሐውልት አንዱ የግፍ ምስክር ነው ሲለው ሌላው ቁስል መቆስቆሻ ይለዋል። ምሁራኑ ያልጨረሱትን ክርክር አንድ የዘጠነኛ ክፍል መምህር በ40 ደቂቃ ይጨርስ የሚል የለም።

ግን አንተ ስላላነሣኸው አልተነሣም ማለት ነው? ልጁ ኪሱ ውስጥ ቲክቶክ አለ። እዚያ «ቲቸር» የሚባለው የጮኸ ነው፤ ማስረጃው ደግሞ ላይክ ነው። የምትተወው ክፍት ቦታ ክፍት አይቆይም፤ የሚሞላው ሰው ሞልቶታል።

ስለዚህ ፍርድ አትስጥ፤ አጠያየቅ ስጥ። አጠገባችን ካለ እንጀምር። ከአዲስ አበባ በፍጥነት መንገዱ ሲመጣ ሞጆ ሳይደረስ በዚያ ሜዳ አካባቢ ሽምብራ ኩሬ የሚባለው ውጊያ ተካሂዷል። በ1521 ዓ.ም. አፄ ልብነ ድንግልና ኢማም አሕመድ ተጋጠሙ፤ ድሉ የኢማሙ ሆነ። ዛሬ እዚያ ጋ ስናልፍ ታሪፍ እንጂ ታሪክ አንጠይቅም። የሚገርመው፣ ይህ ጦርነት ከሁለቱም ወገን ጸሐፊ አለው፤ በኢማሙ በኩል ዓረብ ፈቂህ «ፉቱሕ አል ሐበሻ»ን ጽፏል፣ በንጉሡ በኩል ዜና መዋዕል አለ። ሁለቱን አንድ አንድ ገጽ አባዛና አድል። ጸሐፊው ማን ነው? የት ቆሞ አየ? ማን ያበላው ነበር? የጠላቱን ሠራዊት ብዛት ለምን አጋነነ? ምን ሳይናገር አለፈ? እነዚህን አምስት ጥያቄዎች የለመደ ልጅ ሐውልት ሲያይም፣ መማሪያ መጽሐፍ ሲያነብም፣ የስልኩን ቪዲዮ ሲከፍትም ይጠይቃቸዋል። ማን ልክ እንደሆነ አንተ አልነገርከውም፤ ማንም አይከስህም። ክፍሉ ከተንጫጫ ደግሞ ደስ ይበልህ፤ ከስንት ዓመት በኋላ ታሪክ ክፍል ውስጥ የነቃ ሰው ተገኘ።

«ታዲያ አዳማ ነው ወይስ ናዝሬት የሚባለው?»

ረዳቱ አዲስ አበባ ላይ «ናዝሬት! ናዝሬት!» እያለ ይጭናል፤ መታወቂያው ላይ አዳማ ይላል። ሒሳብ ሲቀበል በሁለቱም ይቀበላል። ክፍልህም እንደዚያው ያድርግ፤ ሁለቱንም ስም ማን፣ መቼ፣ ለምን እንደሰጠ ይጠይቅ። መልስ የሚከፈለው በሙሉ ነው፤ ግማሽ ሒሳብ የለም።

«ይሄ ሁሉ ፈተና ላይ አይመጣም።»

የሚመጣውስ መቼ ተመለሰ? በ2014 ዓ.ም. የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ከተፈተኑት ውስጥ 50 ከመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 ከመቶ ብቻ ነበሩ። እነዚያ ሁሉ ተማሪዎች «የሚመጣውን ብቻ» ሲሸመድዱ የከረሙ ናቸው። በፈጠራ አስተምረን ብንወድቅ እንኳ ከዚህ በታች የት እንደምንወድቅ አይታየኝም።

«ልጄ ሐኪም ነው የምትሆነው፤ ታሪክ ምን ያደርግላታል?»

እትዬ፣ ለመጨረሻ ጊዜ ሐኪም ዘንድ ሲሄዱ መጀመሪያ ምን ብሎ ጠየቀዎት? «መቼ ጀመረዎት? ከዚያ በፊት ምን ነበር? ቤተሰብ ውስጥ ያለበት አለ?» ይህንን ሳይጠይቅ መርፌ የሚያነሣ ካጋጠመዎት ልጅዎን ሳይሆን ራስዎን ያድኑ።

«እሺ፣ ሐሳቡ ጥሩ ነው። ከላይ መመሪያ ይውረድልንና እንጀምራለን።»

አቶ ርዕሰ መምህር፣ እኛ እኮ ስምጥ ሸለቆ ውስጥ ነን። መሬቱ ራሱ ወርዶልን ሳለ መመሪያው ደግሞ ምን ድረስ ይውረድ? ይልቅ ተደውሏል፤ መምህሩን ክፍል ያስገቡት።